ስጋቱ የማን ነው? በኮሚሽን ማሻሻጥና የራስን ክምችት በበይነ መረብ መሸጥ

በአዲስ አበባ በቴሌግራም ቻናሎች የሚካሄደውን ችርቻሮ ለሚከታተል ሰው ሁለት ዓይነት ሻጮች ጎን ለጎን ይታያሉ። ይልቁንም ልዩነታቸው አይታይም ማለት ይቀላል። ሁለቱም የጫማ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ሁለቱም ስልክ ቁጥር ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱም «ያሉበት እናደርሳለን» ይላሉ። ሆኖም የአንደኛው ሻጭ ጫማ በራሱ ገንዘብ ተገዝቶ በቤቱ ጥግ ተደርድሯል። ሁለተኛው ግን ያንን ጫማ በእጁ ነክቶት አያውቅም፤ ፎቶውን ያገኘው መርካቶ ካለ አከፋፋይ ነው፤ ገዢ ሲገኝ የሚደርሰው ድርሻ እንጂ የሽያጩ ገንዘብ አይደለም።

ይህን ሁለተኛውን ሥራ ለወጣት ተመራቂዎች የሚያስተዋውቁ ሥልጠናዎችና ቪዲዮዎች በዝተዋል። የሚደጋገመው መከራከሪያም አንድ ነው፤ ካፒታል አይጠይቅም፣ ስለዚህ ኪሳራ የለውም ይባላል። የመከራከሪያው የመጀመሪያ ክፍል እውነት ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ የሽያጭ መንገዶች ውስጥ ስጋቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ መመርመር ነው። ጽሑፉ የመስክ ዳሰሳ አይደለም፤ የሚታወቁ የኢኮኖሚክስ ሐሳቦችን ወስዶ በአገራችን የችርቻሮ ሁኔታ ላይ የሚፈትን ትንታኔ ነው። ከታች የሚገኙት የብር ስሌቶችም ለማብራሪያ የተቀመጡ ምሳሌዎች እንጂ ከገበያ የተሰበሰቡ መረጃዎች አይደሉም።

የስያሜው ጉዳይ

በውጭው ዓለም አፊሊየት ማርኬቲንግ የሚባለው አሠራር ጠባብና ግልጽ ትርጉም አለው። አገናኙ ልዩ መለያ ያለው ሊንክ ይሰጠዋል፤ ገዢው በዚያ ሊንክ ገብቶ ከገዛ አገናኙ ከሽያጩ መቶኛ ያገኛል። አማዞን ይህን መርሐ ግብር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ለብዙዎቹ ተከታዮች አርአያ የሆነው እርሱ ነው። በዚህ አሠራር አገናኙ ገንዘብ አይቀበልም፣ ዕቃ አያደርስም፣ ቅሬታም አይሰማም።

በእኛ ገበያ «በኮሚሽን እሸጣለሁ» የሚል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሰፋ ሥራ ይሠራል። ዋጋውን ራሱ ተደራድሮ በአከፋፋዩ ዋጋ ላይ ጭማሪ የሚያስቀምጥ አለ፤ ቀብዱን በራሱ የቴሌብር ሒሳብ የሚቀበል አለ፤ ሞተረኛ ቀጥሮ የሚያደርስም አለ። ስለዚህ ከስያሜው ይልቅ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበጃል። ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ የማን ነው? የገዢው ገንዘብ መጀመሪያ የሚያርፈው በማን እጅ ነው? ዕቃው ተበላሽቶ ሲገኝ የሚደወለው ለማን ነው? በአማዞን ዓይነቱ አሠራር የሦስቱም መልስ አንድ ነው፤ ሁሉም ወደ ባለዕቃው ይሄዳሉ። የራሱን ክምችት በሚሸጥ ነጋዴም ዘንድ መልሱ አንድ ነው፤ ሁሉም ወደ ነጋዴው ይመጣሉ። የእኛ የኮሚሽን ሻጭ ግን መልሶቹ የተከፋፈሉበት ሰው ነው። ዕቃው የአከፋፋዩ ሆኖ ሳለ የሚደወለው ለእርሱ ነው። ይህ ክፍፍል ከታች እንደገና ይነሳል፤ በዚህ ጸሐፊ አመለካከት የጉዳዩ ቋጠሮ እርሱ ነውና።

ስሌቱ

አንድ ሻጭ 20 ጥንድ ጫማ በ1,500 ብር ሒሳብ ገዛ እንበል። ያወጣው 30,000 ብር ነው። አንዱን ጥንድ በ2,200 ብር ይሸጣል፤ የማድረሻውን 150 ብር ራሱ ይከፍላል። በዚህ ዋጋ ከተሸጠ እያንዳንዱ ጥንድ 550 ብር ያተርፋል። ያልተሸጡት (ብዙውን ጊዜ በጣም ትናንሽና በጣም ትላልቅ ቁጥሮች ናቸው) በመጨረሻ በ1,000 ብር ይወገዳሉ፤ ማድረሻው ሲታከል እያንዳንዱ 650 ብር ያከስራል። ሌላው ሻጭ ይህንኑ ጫማ ዕቃውን ሳይገዛ በጥንድ 200 ብር ኮሚሽን ያሻሽጣል፤ ማድረሻውን አከፋፋዩ ይችላል።

ሃያውም በሙሉ ዋጋ ከተሸጡ ባለክምችቱ 11,000 ብር ያገኛል፤ የኮሚሽን ሻጩ 4,000 ብር። በሙሉ ዋጋ የተሸጡት 14 ብቻ ከሆኑ ባለክምችቱ ከ7,700 ብር ትርፍ ላይ 3,900 ብር ኪሳራ ተቀንሶ 3,800 ብር ይቀረዋል፤ የኮሚሽን ሻጩ 2,800 ብር ያገኛል። 12 ሲሆኑ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ባለክምችቱ 1,400 ብር፣ የኮሚሽን ሻጩ 2,400 ብር። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ13 ጥንድ ላይ ነው፤ ሁለቱም 2,600 ብር ያገኛሉ። ሽያጩ ከ11 ጥንድ በታች ከወረደ ባለክምችቱ ከኪሱ መክፈል ይጀምራል፤ የኮሚሽን ሻጩ ግን ከዜሮ በታች አይወርድም።

ይህ በምርምር ሥራ መምሪያዎች ዘንድ የጋዜጣ አዟሪው ችግር ተብሎ የሚታወቀው ጥያቄ ነው። የችግሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1888 ኤጅዎርዝ ስለ ባንክ የመጠባበቂያ ገንዘብ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ ዘመናዊ መልኩን ያገኘው ደግሞ አሮው፣ ሃሪስና ማርሻክ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተሙት ሥራ ነው። አዟሪው ማለዳ ስንት ጋዜጣ መግዛት እንዳለበት ይወስናል፤ ከጎደለበት የሚያጣው ትርፍ አለ፣ ከተረፈበት የሚሸከመው ኪሳራ አለ። ቀመሩ በምሳሌያችን ላይ ሲሠራ እንዲህ ይላል፦ አንድ ተጨማሪ ጥንድ መግዛት የሚያዋጣው በሙሉ ዋጋ የመሸጡ ዕድል ከ54 በመቶ ሲበልጥ ነው (650 ለ1,200 ሲካፈል)። ሆኖም ሻጩ ያንኑ ጥንድ በኮሚሽን የማሻሻጥ አማራጭ ካለው መለኪያው ከፍ ይላል፤ ዕድሉ ከ65 በመቶ መብለጥ አለበት። ኮሚሽን መኖሩ ክምችትን አያስቀርም፤ የሚከማቸውን ዕቃ ግን ያስመርጣል። በእርግጠኝነት የሚሄዱትን ቁጥሮች ገዝቶ ማስቀመጥ፣ የሚያጠራጥሩትን በአከፋፋዩ መደርደሪያ ላይ መተው ከሁለቱም ንጹሕ አማራጮች የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሻጮች ቀመሩን ሳያውቁ የሚያደርጉትም ይህንን ነው።

ስሌቱ ያልያዘው አንድ ወጪ አለ። ሁለቱ ሻጮች እኩል ብዛት ይሸጣሉ ብለን ገምተናል። በተግባር ዕቃው በእጁ ያለ ሰው «አለ» ብሎ ወዲያው ይመልሳል፤ የኮሚሽን ሻጩ አከፋፋዩን ጠይቆ እስኪመለስ ድረስ ገዢው ሌላ ቻናል ይከፍታል። ፎቶው ከተለጠፈ ቀናት ካለፉት ደግሞ ዕቃው መኖሩም አይታወቅም።

የዋጋ ንረት ሲገባ

ከላይ ያለው ቀመር የተቀረጸው የተረፈ ዕቃ ዋጋው ይወርዳል በሚል ግምት ነው። የትናንት ጋዜጣ ዛሬ መጠቅለያ ነው። የእኛ ገበያ ግን ለዚህ ግምት ሁልጊዜ አይገዛም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ የነበረው ነጋዴ ሳይሸጥ በመቆየቱ ብቻ በብር የሚቆጠር ጥቅም አገኘ። ገንዘቡን በብር የያዘው አላገኘም።

በምሳሌያችን የአከፋፋዩ ዋጋ ከ1,500 ወደ 1,900 ብር ወጣ፣ የችርቻሮ ዋጋውም ወደ 2,700 ብር ተጠጋ እንበል። የማይፈለጉት ቁጥሮች እንኳን አሁን በ1,000 ሳይሆን በ1,400 ብር ይወገዳሉ። የአንዱ ትርፍራፊ ኪሳራ ከ650 ወደ 250 ብር ወረደ፤ ኮሚሽኑን ለጊዜው ብንተወው ለመግዛት የሚያስፈልገው የመሸጥ ዕድል ከ54 ወደ 31 በመቶ ይወርዳል። ነጋዴዎች ዋጋ ይጨምራል ብለው ሲጠረጥሩ ዕቃ ማከማቸታቸው ብዙ ጊዜ በሥነ ምግባር ዓይን ብቻ ይታያል። ቀመሩ ግን ባሕሪው ከግምታቸው የሚመነጭ ተጠባቂ ምላሽ መሆኑን ያሳያል። ይህን ማለት ድርጊቱን ማጽደቅ አይደለም።

ሆኖም የባለክምችቱ ትርፍ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ዋጋው ሳይጨምር 14 ጥንድ በ2,200 ብር ሸጦ፣ ከጭማሪው በኋላ የቀሩትን 6 በ1,400 ብር ቢያስወግድ 39,200 ብር ይሰበስባል፤ ከማድረሻው 3,000 ብር በኋላ 36,200 ብር በእጁ ይቀራል። መዝገቡ 6,200 ብር አትርፈሃል ይለዋል። አከፋፋዩ ዘንድ ሲመለስ ግን 20 ጥንድ ጫማ 38,000 ብር ሆኗል። በያዘው ገንዘብ የሚገዛው 19 ጥንድ ነው። አተረፈ የተባለው ሰው በጫማ ሲቆጠር አንድ ጥንድ አጥቷል፤ የቤት አስቤዛውን ገና ሳያወጣ። ትርፍን በገዙበት ዋጋ ሳይሆን በሚተኩበት ዋጋ ማስላት በሒሳብ አያያዝ ትምህርት የቆየ ክርክር ነው፤ ለትንሽ የቴሌግራም ሻጭ ግን ሥራው በስድስት ወር ውስጥ ለምን እየጠበበ እንደሄደ የሚያስረዳው ይህ ልዩነት ነው።

የኮሚሽን ሻጩስ? የሚተካው ዕቃ ስለሌለው ይህ አይነካውም። ነገር ግን ስምምነቱ በተወሰነ ብር ከሆነ ሌላ ነገር ይነካዋል። የ2,200 ብሩ ጫማ ላይ 200 ብር ኮሚሽን 9 በመቶ ያህል ነበር፤ በ2,700 ብር ላይ 7.4 በመቶ ሆነ። ዋጋው ሲወጣ ገዢን ማሳመን ይከብዳል፣ የተከፈለው ብርም የሚገዛው ነገር ያንሳል። ኮሚሽንን በመቶኛ መዋዋል በእንዲህ ያለ ጊዜ ከቃላት ልዩነት በላይ ነው።

ቆጣሪው በማን እጅ ነው?

የኮሚሽን ገቢ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል፤ ሽያጩ መፈጸሙን፣ ከዚያም ሽያጩ በእኔ በኩል መፈጸሙ መታወቁን። ለሁለተኛው ነገር የአገራችን ደላላ የቆየ ዘዴ አለው። ቤት ፈላጊውንና ባለቤቱን ሲያገናኝ ራሱ በቦታው ይቆማል፤ ክፍያው እስኪያልቅ አይለይም፤ ሁለቱ ስልክ ከተለዋወጡ ደላላውን ዘለው እንደሚዋዋሉ ያውቃል። በቴሌግራም የኮሚሽን ሻጩ ከፎቶው ላይ የአከፋፋዩን ስምና ስልክ የሚያጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

በበይነ መረብ ሊንክ የደላላውን መቆም የሚተካው ኩኪ የተባለው ትንሽ ፋይል ነው፤ የገዢው መሣሪያ በማን በኩል እንደመጣ ይመዘግባል። በአማዞን መርሐ ግብር ይህ መዝገብ በመደበኛው የሚቆየው 24 ሰዓት ነው። ገዢው ዛሬ በአገናኙ ሊንክ ገብቶ አይቶ፣ አስቦበት ከሦስት ቀን በኋላ በራሱ ተመልሶ ቢገዛ አገናኙ ምንም አያገኝም። ቆጣሪው በባለዕቃው እጅ ነው፤ ተመኑም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 አማዞን የኮሚሽን ተመኖቹን ሲቀንስ ለቤት ቁሳቁስ ይከፈል የነበረው 8 በመቶ ወደ 3 በመቶ፣ ለምግብ ሸቀጥ የነበረው 5 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረደ። ለዓመታት ጽሑፍና ቪዲዮ ሲያዘጋጁ የኖሩ አገናኞች የገቢያቸው መሠረት በሌላ ወገን ውሳኔ ተለወጠ። ክምችት አልነበራቸውም፤ ግን ጊዜያቸውን በሌላው መደብር ላይ አከማችተው ነበር። ይህ ካፒታል አይደለም ማለት አይቻልም።

ማጭበርበሩ ከአገናኞች ወገንም ይመጣል። ገዢው ሳያውቅ ኩኪ በመሣሪያው ላይ በመትከል ያልሠሩበትን ኮሚሽን የሚሰበስቡ ተገኝተዋል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ጉዳይ ክስ መሥርቶ ነበር፤ ነገሩ ወደ ወንጀል ክስ ተሸጋግሮ ከከፍተኛ ተከፋዮቹ መካከል ሁለቱ ጥፋተኛነታቸውን አምነዋል። ኤደልማንና ብራንዲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከድርጅቱ ውጭ ያሉ አማካሪዎች ግልጽ ማጭበርበርን በመለየት እንደሚሻሉ፣ የድርጅቱ የራሱ ሠራተኞች ደግሞ በወሰን ላይ ያሉትን አጠራጣሪ ድርጊቶች በመለየት እንደሚሻሉ አሳይተዋል። ለእኛ አከፋፋዮች ይህ ገና የሩቅ ጉዳይ ይመስላል፤ ቆጠራው እስካሁን የሚካሄደው በማስታወስና በስክሪንሾት ነውና። ግን በስክሪንሾት የሚካሄድ ቆጠራም የራሱ ጠብ አለው፤ አንድ ገዢ ያንኑ ፎቶ በሦስት ቻናል አይቶ ከገዛ ኮሚሽኑ የማነው?

ስምን ማስያዝ

አኬርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ፣ ገዢው ጥሩውን ዕቃ ከመጥፎው መለየት ካልቻለ መጥፎው ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አስረድቷል። ፎቶ ብቻ ያየ ገዢ በዚሁ ሁኔታ ላይ ነው። ስለዚህ የሚገዛው የሻጩን ስም ነው። የእኛ ገዢዎች ዕቃው ሲደርስ ካልሆነ አንከፍልም ማለታቸው፣ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቅድሚያ መክፈልን ቢያቀልም ልማዱ አለመጥፋቱ፣ የዚህ ጥርጣሬ ምልክት ነው።

ባለክምችቱ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ስፌቱን ማየት፣ ቁጥሩን ማረጋገጥ፣ የተበላሸውን ማስቀረት ይችላል። የኮሚሽን ሻጩ ይህን ዕድል አያገኝም። ነገር ግን ጫማው በሁለተኛው ሳምንት ሲገነጠል የሚወቀሰው እርሱ ነው፤ ገዢው አከፋፋዩን አያውቀውም፤ እንዳያውቀው ያደረገውም ራሱ ሻጩ ነው። ካፒታል አላወጣም የተባለው ሰው ያስያዘው ስሙን ነው፤ ስሙን የሚያስከብረው ነገር ግን በሌላ ሰው መጋዘን ውስጥ ነው። ለተመራቂ ወጣት የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ዘመድ፣ የሰፈር ልጅና የክፍል ጓደኛ ናቸው። 200 ብር ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋ አንዳንዴ ይህን ያህል ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን ይላል? የንግድ ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ደላላንና ባለኮሚሽን ወኪልን ያውቃል። ልዩነታቸውም ለጉዳያችን ይጠቅማል፤ ደላላ ሁለት ወገኖችን አገናኝቶ ይወጣል፣ ባለኮሚሽን ወኪል ግን ለሌላ ሰው ጥቅም በራሱ ስም ይዋዋላል። በራሱ ስም የተዋዋለ ሰው በገዢው ፊት ሻጭ ነው። ዋጋ ተደራድሮ፣ ቀብድ በራሱ ሒሳብ ተቀብሎ፣ የባለዕቃውን ማንነት የደበቀ የቴሌግራም ሻጭ «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ» ቢል መከራከሪያው ደካማ ይመስላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ መብቶችን ይሰጣል። ሁለቱም የተጻፉት ሱቅ ያለውን ነጋዴ በዓይነ ኅሊና ይዘው ይመስላል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል ዕቃ የሚያሞግስ ሰው ክፍያ የሚያገኝበት ከሆነ ይህንኑ እንዲገልጽ ጠይቋል፤ በዚያ አገር ሆነው በአማርኛ የዕቃ ግምገማ ቪዲዮ የሚሠሩ ወገኖቻችንንም ይመለከታል። እዚህ ግን «ይህን ስሸጥ ኮሚሽን አገኛለሁ» የሚል ቻናል ይህ ጸሐፊ እስካሁን አላጋጠመውም።

ተግባራዊው ጥያቄ ስለዚህ ካፒታል አለህ ወይስ የለህም የሚለው ብቻ አይደለም። በኮሚሽን የሚጀምር ሰው የሚያገኘው ትልቁ ነገር 200 ብሩ ሳይሆን መረጃው ነው፤ የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ቀለም፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚሄድ በሌላ ሰው ዕቃ ይማራል። ከ20 ጥንድ 13ቱ እንደሚሸጡ ወይም እንደማይሸጡ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። አከፋፋዩም በዚያው ጊዜ ስለ ደንበኞቹ ይማራል፤ ማን ቀድሞ እንደሚጠቀምበት የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ስምምነት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ ይህን ስምምነት በቃል መተው ምክንያት የለውም። ኮሚሽኑ በመቶኛ መሆኑ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ገዢው ለሁለተኛ ጊዜ በቀጥታ አከፋፋዩ ዘንድ ቢሄድ ድርሻ መኖር አለመኖሩ፣ የተበላሸ ዕቃ በስንት ቀን ውስጥ በማን ወጪ እንደሚመለስ፤ እነዚህ አራት ነገሮች በአንድ የቴሌግራም መልእክት ተጽፈው «ተስማምቻለሁ» የሚል ምላሽ ሊያገኙ ይችላሉ።